ምስክር ያለው ዕውቀት፦ ዲግሪና የሥራ ልምድ በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች ታሪክ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፣ ሙሉ ቃል)



«የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን አባባል እየሰማን ያላደግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለንም። ወላጆቻችን ቡና ለቅመው፣ ጀንፈል አድርቀው፣ ሽጠው ያስተማሩን በዚህ አባባል ተማምነው ነው። ዛሬ ደግሞ በየምረቃው ሰሞን ሌላ ድምፅ እንሰማለን፤ «ዲግሪው ምን ፈየደ? ሥራን የሚያስተምረው ሥራው ነው» የሚል። ተመራቂው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል መስመር ይፈልጋል። በዚያው ከተማ ሃያ ዓመት ቡና ሲለይና ሲቀምስ የኖረ ሠራተኛ፣ «ተፈላጊ የትምህርት ደረጃ» የሚለውን መስመር አንብቦ ይመለሳል። ሁለቱም የተመለሱት ከአንድ በር ነው።

ዛሬ ላቀርብላችሁ የምሞክረው የዚያን በር ታሪክ ነው። «ዲግሪ ይበልጣል ወይስ የሥራ ልምድ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት የዕውቀት ዓይነቶች የሚመዘኑ ይመስለናል። የጅማ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል ባይ ነኝ፤ ሲመዘኑ የኖሩት ሁለት የምስክርነት ዓይነቶች ናቸው። ማን ዐወቀ ብቻ ሳይሆን፣ ማወቁን ማን መሰከረለት፣ ምስክርነቱስ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል የሚለው ነው ጉዳዩ። ዓመታቱን ለማነጻጸር እንዲቀለን፣ የምጠቅሳቸው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወረቀት በፊት

ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 በገዙባት ጅማ ሁለት ታላላቅ የዕውቀት ስፍራዎች ነበሩ። አንደኛው የሂርማታ ገበያ ነው። ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ከቡና፣ ከማር፣ ከዝባድና ከከብት ጋር የሚገናኙበት ይህ ገበያ የብዙ ሙያዎች መማሪያም ነበር። ሁለተኛው በጅሬንና በአካባቢው የተስፋፋው የእስልምና ትምህርት ነው። ደረሳዎች ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች እየመጡ በዑለማ እግር ሥር ይቀመጡ ነበር።

በእነዚህ በሁለቱም ስፍራዎች ዕውቀት ያለ ምስክር አልነበረም። በእስልምና ትምህርት ሥርዓት ኢጃዛ የሚባለው፣ መምህሩ ተማሪው አንድን ኪታብ ተምሮ ማስተማር እንደሚችል የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ኢጃዛው የሚከብረው ከወረቀቱ ይልቅ በሰጪው ስምና ከእርሱ በፊት በነበሩት መምህራን ሰንሰለት ነው። በሰሜኑ የቤተ ክህነት ትምህርትም «ከማን ተማርክ?» ተብሎ የሚጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በገበያው ደግሞ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚጠርበው ባለ እጅ ከአባቱ ወይም ከሠራተኛ ጌታው ጎን ተቀምጦ ይማራል፤ ምስክሩም በርጩማው ራሱና የሚያውቁት ደንበኞቹ ናቸው። ቡና የሚገዛው ነጋዴ ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ፣ በእጁ አንኮሻኩሾ ድርቀቱን ይለያል። ዳኝነቱን የሚያከብሩለትም ለዓመታት አብረውት የገበዩ ሰዎች ናቸው።

ይህን ዘመን ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም። ሙያው በዘርና በቤተሰብ የታጠረ ነበር፤ ባለ እጅ የሚናቅበት ማኅበረሰብም ነበር። ለርእሳችን የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው። ዕውቀትና ልምድ ያልተለያዩት ምስክሩና ባለ ዕውቀቱ አንድ አካባቢ ስለሚኖሩ ነው።

ርቀት የወለደው ወረቀት

በ1932 የጅማ የራስ አስተዳደር አክትሞ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ስትጠቃለል፣ ከ1936 እስከ 1941 ጣልያን አዲሱን ከተማ በሂርማታ ሲገነባ፣ ከነጻነት በኋላም የቡና ንግዱ ወደ አዲስ አበባና ከዚያ ወደ ባሕር ማዶ ሲሰፋ፣ ሰው ሰውን የማያውቅበት ግንኙነት በዛ። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሹም በአጋሮ ማን የቡና ዐዋቂ እንደሆነ በዓይኑ ሊያይ አይችልም። የሚያየው ወረቀት ነው። የትምህርት ማስረጃ በእኛ አገር የገነነው ሥራን ስለሚተካ ሳይሆን ርቀትን ስለሚሻገር ነው።

የዚህ ምዕራፍ ዋናው ተቋም በ1952 የተከፈተው የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በአሜሪካው የአራተኛው ነጥብ የእርዳታ መርሐ ግብር አማካይነት፣ ከኦክላሆማ የእርሻና ሜካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር። ኦክላሆማ የአሜሪካ የ1862 ሕግ ከወለዳቸው ኮሌጆች አንዱ ነው። ሕጉ ለኮሌጆች መሬት የሰጠው እርሻንና እጅ ሥራን ከሌላው ትምህርት ጋር እኩል እንዲያስተምሩ ነበር። ስለዚህ ወደ ጅማ የመጣው አሳብ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚሰጥ የኤክስቴንሽን አገልግሎትን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ነበር። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ግንባታ እስኪያልቅ ድረስ የኮሌጁ የመጀመሪያ ትምህርት የተሰጠው እዚሁ ጅማ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውሰውም። የአገሪቱ የእርሻ ዲግሪ ታሪክ የጀመረው በቡና አገር፣ ማሳ ጥግ ነው።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ሕይወት መኖር ጀመረ። በ1961 የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድ ማዕከል የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እያንዳንዱ የሥራ መደብ በትምህርት ደረጃና በአገልግሎት ዘመን የሚገለጽበት አሠራርም ከጊዜ ወደ ጊዜ ጠነከረ። ይህ አሠራር አድልዎን ለመግታት የታሰበ፣ በጎ ጎን ያለው ነው። ውጤቱን ዛሬም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እናነበዋለን፦ «የመጀመሪያ ዲግሪና 4 ዓመት፣ ወይም ዲፕሎማና 8 ዓመት»። በዲግሪና በልምድ መካከል የምንዛሪ ተመን ወጣ ማለት ነው። አንድ ወረቀት ስንት ዓመት እንደሚያወጣ በቁጥር ተጻፈ።

በዚህ ምንዛሪ ውስጥ ግን አንድ የተሰወረ ነገር አለ። የሚቆጠረው ልምድም ራሱ ወረቀት መሆን አለበት። ማኅተም ያረፈበት የሥራ ልምድ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ከግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር መከፈሉ ይጠየቃል። በጎማ ወረዳ ሠላሳ ዓመት የራሱን ቡና የተከለ፣ የገረዘ፣ የለቀመና ያደረቀ ገበሬ በዚህ ስሌት የሥራ ልምዱ ዜሮ ነው። እናቱን እየረዳች ጀንፈል ስታገላብጥ ያደገች ተማሪም እንዲሁ ዜሮ ናት። ስለዚህ «ልምድ ከዲግሪ ይበልጣል» የሚለው ሰው በአብዛኛው የሚሟገተው አንዱን ወረቀት ከሌላው ወረቀት ጋር ነው። ወረቀት የሌለው ልምድ ወደ ክርክሩም አልገባ።

ዩኒቨርሲቲው ራሱን ሲጠራጠር

ይህን ክፍተት የመጀመሪያዎቹ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አላዩትም ማለት ስሕተት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1964 የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ደንብ ሲያጸድቅ፣ ተማሪው ዲግሪውን ለማግኘት አንድ የትምህርት ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፍ ግዴታ ጣለ። አብዛኞቹ በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆነው አገልግለዋል። በሌላ አነጋገር፣ ያለ ልምድ ዲግሪ አይሰጥም ተባለ። አብዮቱ ሲመጣ በ1974 መጨረሻ የታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። ሁለቱ ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው የትምህርት አካል ሲሆን፣ ሁለተኛው የፖለቲካ ትእዛዝ ነበር።

በጅማ ይህ አሳብ ሥር የሰደደው በጤና በኩል ነው። በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን ከመነሻው በኅብረተሰቡ ላይ መሠረተ። ከዚያ በፊት በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና ባለሙያዎችን በቡድን የማሠልጠን ፈር ቀድዶ ነበር። በጅማም የሕክምና፣ የነርስነት፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው እንደ አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። በሽታውን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከምንጩና ከመጸዳጃው አጠገብ ይማሩታል። በ1999 ይህ ኢንስቲትዩትና የቀድሞው የእርሻ ትምህርት ቤት ያደገበት ኮሌጅ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲን ሲመሠርቱ፣ ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት የጋራ መርሓቸው ሆነ። ይህም ልምድን ከምረቃ በኋላ የሚፈለግ ነገር ከመሆን አውጥቶ የዲግሪው ውስጣዊ አካል ለማድረግ የተደረገ ሙከራ ነው።

ቁጥር የተሰጣቸው ዛፎች

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌዬ ልምጣ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። ይህ የሻጋታ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1922 በኬንያ ሲሆን፣ ያልደረሰውን አረንጓዴ ፍሬ ያጠቁራል፤ ያረግፋል። ደጋማና ዝናባማ በሆነ አካባቢ ጥቃቱ ሲበረታ ማሳው ምርቱን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ለካፋና ለኢሉባቦር ገበሬ ይህ የአንድ ዓመት ኪሳራ ብቻ አልነበረም፤ የልጅ ማስተማሪያው፣ የግብር መክፈያው፣ የከርሞ ተስፋው ነበር የሚረግፈው።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በመልኮ የተቋቋመው የጅማ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ነበሩ። ከእነርሱ ጋር የሠሩት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች፣ ከነዚህም ራውል ሮቢንሰን፣ ዝርያን በማዳቀል ረጅም ዓመታት ከመጠበቅ ይልቅ ሌላ መንገድ መረጡ። በሽታው ክፉኛ ወዳጠቃቸው የገበሬ ማሳዎች ሄደው፣ ጎረቤቶቻቸው ሲጠቁሩ ጤናማ ሆነው የቆሙትን ዛፎች መፈለግ ነበር መንገዱ። የተገኙት እናት ዛፎች ዘራቸው ተሰበሰበ፤ በላቦራቶሪም፣ በሽታው በሚበረታበት በጌራም ተፈተነ። በ1970ዎቹ መገባደጃ የተመረጡት ዝርያዎች መሰራጨት ጀመሩ።

ከእነዚህ መካከል 74110 እና 74112 በኢሉባቦር ከመቱ ቢሻሪ የተመረጡ ናቸው፤ 741 ደግሞ ከጌራ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታሉ፤ የቀሩት የዛፉ ተራ ቁጥር ናቸው። ዛሬ በጅማ ዙሪያ በማና፣ በጎማ ወይም በሊሙ ማሳ ውስጥ ስንሄድ ገበሬው እነዚህን ቁጥሮች እንደ ሰው ስም ሲጠራቸው እንሰማለን።

በዚህ ታሪክ ማን ነው ባለ ዕውቀቱ? የምርምር ባለሙያው ባይኖር፣ ጤናማው ዛፍ በዕድል ያመለጠ ይሁን ወይም በተፈጥሮው በሽታውን የሚቋቋም ይሁን መለየት፣ ተቋቋሚነቱም ወደ ዘሩ መተላለፉን ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። ይህን የሃያ ዓመት የማሳ ልምድ አይሰጥም፤ ፈተናና ማነጻጸሪያ ይጠይቃል። በሌላ በኩል፣ ዛፎቹ በትውልዶች ምርጫ፣ ዘር በማቆየትና የተለያዩ ዓይነቶችን ቀላቅሎ በመትከል ተጠብቀው ባይቆዩ ኖሮ ባለሙያው የሚመርጠው አይኖረውም ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች አንዱ ለሌላው ምስክር ሆኑ።

ሆኖም የምስክርነቱ ሒሳብ እኩል አልተከፈለም። የባለሙያዎቹ ሥራ በጽሑፍ ታትሟል፤ ለማዕረግና ለዲግሪ አብቅቷል። ዛፉ ቁጥር አገኘ። በዝርያው መጠሪያ ውስጥ ዓመቱና ተራ ቁጥሩ አሉ፤ ዛፉን ሲጠብቅ የኖረው ቤተሰብ ግን የለም። ይህን የምለው ተመራማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ አሠራሩ በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነበር። የምለው፣ ዕውቀት ሳያንሰው ምስክር ስላነሰው ብቻ ከታሪክ የሚወጣ ሰው እንዳለ ለማሳየት ነው።

የሚያልፍበት ቀን ያለው ወረቀት

ይህ ጥያቄ በቅርቡ በስኒ ውስጥ ተመልሶ መጣ። በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፍቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡና ሲገባበት፣ ጅማን ጨምሮ በቡና ከተሞች መጋዘንና የቅምሻ ላቦራቶሪ ተቋቋመ። ከመቶ 40ው ለጥሬ ቡናው፣ 60ው ለቅምሻው ተሰጥቶ ቡናው ደረጃ ያገኛል። ዕውር ዳኝነት ነው፤ ቡናው የማን እንደሆነ ቀማሹ አያውቅም። አድልዎ ቀነሰ፤ ነገር ግን በደረጃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ቡና የገበሬውንና የቀበሌውን ስም አጣ። «ጅማ 5» የሚለው መለያ በዓለም ገበያ ለብዙ ዓመታት የተራ ቡና መጠሪያ ሆኖ መቆየቱን ደግሞ አትርሱ።

በአጋሮ አካባቢ ይህን ስም የለወጡት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። በ2010 የተመሠረተው የዱሮሚና ማኅበር የእሸት ቡና መፈልፈያ ተክሎ፣ ከውጭ በመጡ አማካሪዎች እየታገዘ፣ ቀይ ፍሬ ብቻ መልቀምንና በአልጋ ላይ ማድረቅን ተለማመደ። በ2012 ቡናው በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ ውድድር የዓለም አቀፍ ዳኞችን የአንደኝነት ምርጫ አገኘ። እዚህ ላይ የልምድ ደጋፊዎች አንድ ነገር ማስተዋል አለባቸው። አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ዘንጥሎ መልቀምና በመሬት ላይ ማድረቅም የብዙ ዓመት ልምድ ነበር። ልምድ ሳይታረም ሲደጋገም ስሕተትን ያጠነክራል። ያን ልምድ ያረመው አዲስ ዕውቀት ነው፤ አዲሱን ዕውቀት ቡና ያደረገው ደግሞ የገበሬው እጅ ነው።

የቅምሻ ሙያ ሌላም የሚያስተምረን አለ። ኪው ግሬደር የሚባለው የቀማሾች የብቃት ፈቃድ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ተፈታኙ በምላሱና በአፍንጫው ይፈተናል። ፈቃዱም ዕድሜ አለው፤ በየሦስት ዓመቱ ቀማሹ ዳኝነቱ ከሌሎቹ ጋር መስማማቱን ደግሞ ያሳያል። የእኛ ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን የለውም። በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ የተሰጠ ምስክርነት እስከ ጡረታ ያለ ጥያቄ ይከበራል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ መቆየቱን ይናገራል እንጂ በቆየበት ጊዜ ምን እንዳወቀ አይናገርም። ሁለቱም ወረቀቶች ስለ ዛሬው ብቃት ዝም ይላሉ።

ወደ ዛሬው በር

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ከወሰዱት 150,184 ተፈታኞች ያለፉት 61,054፣ ማለትም 40.65 በመቶ ናቸው። በመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ፣ በግል ተቋማት 17 በመቶ ገደማ አልፈዋል። ብዙዎች ይህን የዲግሪ ውድቀት አድርገው ተረጎሙት። እኔ የማየው፣ አገሪቱ የራሷን ተቋማት ምስክርነት መጠራጠር መጀመሯንና ሁለተኛ ምስክር መጥራቷን ነው። ሁለተኛው ምስክር ግን አሁንም በጽሑፍ ጥያቄ የሚፈትን ነው። ማሳውን፣ ጤና ጣቢያውንና የቅምሻ ጠረጴዛውን አይጠይቅም።

ለወረቀት አልባው ልምድም መንገድ አልታጣም። የ2008ቱ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ፣ አንድ ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት፣ በብቃት ምዘና ተፈትኖ ማረጋገጫ እንዲያገኝ ፈቅዷል። ይህ በእኛ ታሪክ ትልቅ ቃል ነው፤ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የተማረ ባለ እጅ ምስክር ሊያገኝ ይችላል ማለት ነውና። ነገር ግን ይህ በር ከቴክኒክና ሙያ ደረጃዎች አልፎ እስከ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በሚገባ አልተከፈተም። ከጎማ የመጣ የቡና ባለሙያ፣ ዕውቀቱ ተመዝኖ ከአንድ የእርሻ ኮርስ ነጻ ሊሆን የሚችልበት አሠራር አልተለመደም።

ስለዚህ ሁለት አሳብ አቅርቤ ልደምድም። አንደኛው ለእኛ ለመምህራን ነው። በ1952 በዚህ ከተማ የተተከለው አሳብ ማስተማር፣ ምርምርና የገበሬው አገልግሎት አንድ እንዲሆኑ ነበር። ያን ከልብ የምንይዝ ከሆነ ገበሬውን፣ ቀማሹንና አዋላጇን የመረጃ ምንጭ ብቻ ማድረጋችን ይብቃ፤ በተማሪዎቻችን ላይ እንዲመሰክሩ እንጋብዛቸው። ለተማሪው የመስክ ሥራ ከሚሰጠው ውጤት ጥቂቱ እንኳ በማሳው ባለቤት እጅ ቢሆን፣ ዲግሪው አይረክስም። የጥናት ጽሑፎቻችንም ዕውቀቱ የተገኘበትን ቀበሌ ብቻ ሳይሆን፣ ፈቃዳቸው ከሆነ የባለ ዕውቀቶቹን ስም ይያዙ።

ሁለተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። በምረቃችሁ ቀን የምትቀበሉት ወረቀት ከእናንተ ርቆ ለተቀመጠ፣ ለማያውቃችሁ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ያስፈልጋችኋል፤ አትናቁት፤ ወላጆቻችሁ ብዙ ከፍለውበታል። ነገር ግን ቅርብ ሆኖ የሚያውቃችሁም ምስክር ያስፈልጋችኋል። ለአንድ ክረምት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የአባታችሁን ማሳ፣ የእናታችሁን ጀንፈል፣ የሰፈራችሁን ጤና ጣቢያ በተማራችሁት ዓይን ተመልከቱ፤ የተማራችሁትንም በእነርሱ ዓይን ፈትሹት። በመቱ ቢሻሪ ያ ዛፍ የተገኘው፣ የተማረ ሰው ወደ ገበሬው ማሳ ሄዶ ያልተማረው ሰው ያቆየውን በጥንቃቄ ስለተመለከተ ነው።

 አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን እቀበላለሁ።